የሰሚራ አርሞኒካ አልተበላሸም

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይንቀጠቀጣል። ረዳቱ ሻንጣዬን ከታች ከተተና ትንሿን የቆዳ ቦርሳዬንም ሊወስድ እጁን ዘረጋ። «እሷን አልሰጥህም» አልኩት። ውስጧ አንድ አርሞኒካ፣ ሁለት ቀጫጭን መፍቻና ጥፍር የምታክል ሞረድ አለች።

ለማታውቁኝ፣ ጥሩወርቅ እባላለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አኮርዲዮንና አርሞኒካ ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዛሬም በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው በትከሻዬ በኩል ወደ ጓዳው እያየ «ጠጋኙ የለም?» ይለኛል። «ጠጋኙ እኔ ነኝ» ማለት ሰልችቶኝ አያውቅም። እንዲያውም እየጣመኝ መጥቷል።

ከጥቂት ወራት በፊት ከድሬዳዋ በአውቶቡስ አንድ ጥቅል መጣልኝ። በውስጡ አርሞኒካና «አራተኛው ቀዳዳ ድምፁ ተበላሽቷል ይላሉ፤ እባክዎ ያስተካክሉልኝ። ሰ. አብዲ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። ፈታሁት፣ በመሣሪያ ለካሁት። ምንም አልሆነም። ጠራርጌ መለስኩት። በወሩ ያው አርሞኒካ ያንኑ ቅሬታ ይዞ ተመለሰ። አሁንም ጤነኛ ነው። በሦስተኛው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

አርሞኒካ ውስጥ ከነሐስ የተሠሩ ቀጫጭን ምላሶች አሉ። በትንፋሽ እየተንቀጠቀጡ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የአራተኛው ቀዳዳ ምላስ ከሥሩ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ነበረበት። ወድቆ የተሰነጠቀ ምላስ እንዲህ አይሆንም። እንዲህ የሚሆነው ትንፋሹን ከሆዱ እየሳበ፣ ድምፁን ከቦታው ወደ ታች እያጠፈ የሚጫወት ሰው ሲያገኘው ነው። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው። እስከ ዛሬ ያንን ስንጥቅ ያየሁት የውጭ አገር ሰዎች ይዘዋቸው በመጡ አርሞኒካዎች ላይ ብቻ ነበር።

ሰ. አብዲ የተባለው ሰውዬ ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ ብሉዝ ይጫወታል ማለት ነው። አጠገቡ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ሙዚቃውን ብልሽት ነው እያለ ያሳምነዋል። ይህ ናላዬን አዞረው። ምላሱን ቀየርኩና በወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደወልኩ። አይነሳም። መልእክት ላክሁ። ማታ ላይ «ዓርብ 11 ሰዓት፣ ደቻቱ ድልድይ» የሚል መልስ መጣ። በቃ፣ ትኬት ቆረጥኩ።

ረፋድ፣ አዋሽ

ከመተሐራ በኋላ ጥቁር ድንጋይ፣ ግራር፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ። አንዲት ግመል ከነግልገሏ አስፋልቱ መሐል ቆማ አውቶቡሳችንን አስጠብቃ፣ ደስ ባላት ሰዓት ተሻገረች። አዋሽ ላይ ለቁርስ ወረድን። የፍየል ጥብስ በቃሪያ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ። ሹፌሩ ከእኔው ጠረጴዛ ተቀመጠና የምሄድበትን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«አንድ አርሞኒካ ለማድረስ?» አለ ጉርሻውን ይዞ። «እኔ እኮ የሚስቴን መድኃኒት እንኳ በሰው ነው የምልከው!»

«አርሞኒካውንማ በሰው እልከው ነበር» አልኩት። «የምነግረው ነገር ነው በሰው የማይላከው።»

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና። ተራራው በማሽላና በጫት ተሸፍኗል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ በአጠገባችን ይወነጨፋሉ፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ከኋላዬ ያሉት እናት ጸሎታቸውን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። መንገደኛው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ያዘ። ከታች፣ ከአቧራው ውስጥ፣ ድሬ ተዘርግታለች።

ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ደቻቱ

ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም። የባጃጁ ሹፌር ገና ከመውረዴ «ማዘር፣ ነይ ግቢ! ሙቀቱ ሳይጨርስሽ!» አለኝ። የከዚራ ሰፈርን ዛፎች አልፈን ድልድዩ አጠገብ አወረደኝ። ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣ ውሃ የሌለው ወንዝ ነው። አሸዋው ላይ ልብስ ተዘርግቶ ይሸጣል፣ ፍየሎች ካርቶን ያኝካሉ፣ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ።

አንድ ጎልማሳ ሰው እየፈለግሁ ቆምኩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ሰርቪስ መጥቶ ቆመና ብዙ ሴቶች ወረዱ። አንዷ በመልእክቴ የጠቀስኩትን የቆዳ ቦርሳ አይታ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ሻርፕ፣ አንገቷ ላይ የሥራ መታወቂያ፣ እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ የክር ብጥስጣሽ።

«ጠጋኟ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ወንድ መስለሽኝ ነበር።»

እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጠጋኙ የለም?» ስባል የኖርኩት፣ አፈርኩ። «አንቺም ወንድ መስለሽኝ ነበር» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሰሚራ አብዲ ትባላለች። ፋብሪካ ውስጥ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች፤ ሥራ ላይ ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድ ነው ያላነሳችው። አርሞኒካውን ጂቡቲ የሚመላለስ ሹፌር አጎቷ ከዓመታት በፊት ሰጣት። አብሮ ዘፈን የሞላበት አንድ ሚሞሪ ካርድ ሰጣት፤ ዘፈኖቹ ስም የላቸውም።

«ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት ብቻ ነው የሚለው» አለች። «ሰባተኛው ላይ ሰውዬው አርሞኒካውን ያስለቅሰዋል። እናቴ የጀልዴሳ ናት፤ ግመል ስታጠጣ የምትለው ዜማ አለ፣ እንደዚያው ታች ወርዶ ነው የሚመለሰው። ወላሂ፣ እነዚህም ሰዎች ግመል ያጠጣሉ እንዴ ብያለሁ!»

ተበላሽቷል ያላት ሰው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ጋሽ ታፈሰ ነው አለች። በሠርግና በሆቴል የሚጫወት ባንድ አለው፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት ከዚራ በሚገኝ የሠራተኞች ክበብ ያቀርባሉ። ሰሚራ ፋብሪካውን ትታ በሙዚቃ መኖር ትፈልጋለች፤ ከእሱ ባንድ ሌላ የምታውቀው በር የለም። ሞክራ ስትጫወትለት «ጎበዝ ነሽ፣ ግን አርሞኒካሽን አሠሪና ነይ» አላት። ሁለት ጊዜ አሠርታ ተመለሰች። ሁለቴም ያንኑ ሲላት ለሦስተኛ ጊዜ ላከችልኝ።

አርሞኒካውን አውጥቼ ሰጠኋት። «ስሚኝ» አልኳት። «ይህ ዕቃ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ምላሱን የሰነጠቅሽው አንቺ ነሽ፣ በመጫወት ብዛት። አራተኛውን ቀዳዳ ስትስቢ ድምፁን የምታጥፊው ራስሽ ነሽ። ስህተት ቢሆን ኖሮ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ አታገኚውም ነበር።»

አርሞኒካውን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ድልድዩን ተደግፋ መጫወት ጀመረች።

ብዙ ሰው አርሞኒካ ሲነፋ ሰምቻለሁ። አብዛኛው ሰው ይነፋል፤ ሰሚራ ግን ትስባለች። ዝቅ ካለ ማጉረምረም ተነሳች፤ እግሯ አስፋልቱን ይመታል፤ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተጎትቶ ወረደ፣ ሊሞት ሲል እንደገና ቀና አለ። ሰው የተናደደበትን ነገር ውጦ ውጦ አንድ ቀን ሲናገረው እንደሚሰማው ነው። ከታች አሸዋው ላይ ኳሱ ቆመ። አንዱ ተጫዋች በድሬ አጠራር «ወሪያ! ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጮኸ። ቦርሳዬን ታቅፌ መቆሜን ያወቅሁት ስትጨርስ ነው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ መጋላ

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። ሰሚራ በመጋላ ጠባብ መንገዶች፣ በሽቶና በጨርቅ ሱቆች መሐል እየመራች ቤቷ ወሰደችኝ። እናቷ ወይዘሮ ሐሊማ ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርተው ጠበቁን። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ሰሚራ በሶማሊኛና በኦሮምኛ መሐል እየዘለለች ታስተረጉምልናለች።

መጀመሪያ ላይ እናትየው አርሞኒካውን አልወደዱትም ነበር። ጎረቤቱ «ልጅሽ ምን ሆነች?» ይላቸዋል። አንድ ቀን የሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት።

«ሁለት ቀን አኮረፍኳት» አለች ሰሚራ። «በሦስተኛው ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ከምታኮርፊ ንፊ አለችኝ።»

ከምሳ በኋላ ሰሚራ ያንን የግመል ማጠጫ ዜማ በአርሞኒካው ጀመረች። ወይዘሮ ሐሊማ ሳህን እየሰበሰቡ ነበር። ድምፁ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ድንገት ቆሙ፤ መዳፋቸውን ወደ መሬት እየደፉ «ሆስ! ሆስ!» አሉ።

«ታች፣ ታች ነው የምትለኝ» አለች ሰሚራ። «በደንብ አላወረድሽውም እያለች ነው።»

እንደገና ሳበችው። እናትየው አሁንም አልረኩም። ሳህኑን አስቀምጠው ራሳቸው አሉት፤ የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሮ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ። ሰሚራ ዓይኗን ጨፍና ተከተለቻቸው። በአራተኛው ሙከራ ሁለቱ ድምፆች እኩል ወረዱ። ወይዘሮ ሐሊማ «ሃ!» አሉና ሳህናቸውን አነሱ።

ጋሽ ታፈሰ የሚወርደውን ድምፅ አሠሪው ይላታል። እናቷ ገና አልወረደም ይሏታል። እኔ ከማን ጋር እንደሆንኩ ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

እሁድ፣ 8 ሰዓት፣ ከዚራ

ጋሽ ታፈሰ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን መጻፍ አለብኝ። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ የለበሰ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ኖታ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። ኪቦርዱን በመሐረብ ሲወለውል አገኘነው። ከሻንጣዬ ያመጣሁትን የድምፅ መለኪያ አውጥቼ አሥሩንም ቀዳዳ ፊቱ እየነፋሁ አሳየሁት። መርፌው መሐል ላይ ቀጥ አለ።

«ልክ ነው» አለ። «አምናለሁ። ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። አቦ፣ ሠርግ ላይ እንዲህ ብታለቅስብኝ ሙሽራዋ ትሮጣለች!»

«የሚስተካከል ነገር አለ ብለህ ሦስት ጊዜ አስልከሃታል» አልኩት።

«ሌላ ምን ልበላት? አልወደድኩትም ብላት ታዝናለች ብዬ ነው።» ወደ ሰሚራ ዞረ። «ዛሬ አንድ ዘፈን እሰጥሻለሁ። ቀና አድርገሽ ከተጫወትሽ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከእኛ ጋር ነሽ። ካጠፍሽው ግን ወንበሩን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ሰሚራ አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ ለእኔም አልገባኝም።

9 ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ጡረተኞች፣ ልጅ የታቀፉ ቤተሰቦች፣ ከሰሚራ ጋር የሚሰፉ ስምንት ዘጠኝ ሴቶች። ወይዘሮ ሐሊማ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የሰሚራ ተራ ሲደርስ ባንዱ አንድ የታወቀ የፍቅር ዜማ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ቀጥ አድርጋ ተጫወተችው። ንጹሕ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ፈገግ አለ። ለእኔ ግን የሻይ ቤት ሬዲዮ ነበር የሚመስለው።

በሁለተኛው ዙር መግቢያ ላይ አርሞኒካውን ከአፏ አወረደችና ማይኩን ያዘች።

«አርሞኒካዬ ተበላሽቷል ስባል ነበር» አለች። «አልተበላሸም። እንዲህ የምጫወተው እኔ ነኝ።»

ሳበችው። ድምፁ ከፍቅር ዜማው ላይ ተንሸራትቶ ወረደ፣ ወረደ፣ እናቷ በሚወዱት ልክ ወረደ። ጋሽ ታፈሰ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ደረቱ ላይ አጣጠፈ። ከበሮው ተደነባበረና ዝም አለ። አንድ ሰዓት ለሚመስል ረጅም ጊዜ ብቻዋን ቀረች፤ እግሯ ብቻ ጣውላውን ይመታል። ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። አልቆመችም። ይልቁንም ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች።

ከዚያ ባስ ጊታር የሚጫወተው ናስር ወደ ጋሽ ታፈሰ ሳያይ የእግሯን ምት ተከትሎ ገባ። ቀጥሎ ከበሮው። የፋብሪካ ጓደኞቿ ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከኋላ ደግሞ ወይዘሮ ሐሊማ፣ ጎረቤት ምን ይላል ሲሉ የነበሩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል «ሆስ!» ብለው ጮኹ። ሰሚራ እየሳቀች አወረደችላቸው። አንድ ዘፈን ነበር የተፈቀደላት። ሦስት ተጫወተች።

ስትወርድ ጋሽ ታፈሰ ጠበቃት። «ወንበሩ ቀርቷል» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «የአንተ ወንበር ይቅር። እሁድ ግን እዚሁ ነኝ።»

«በማን ፈቃድ?»

የክበቡ ጸሐፊ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ ሁሉንም ቆመው ሲሰሙ ነበር። በሩ አጠገብ ወዳለው ጥቁር ሰሌዳ ሄዱ። የሚቀጥለውን እሁድ መስመር በጨርቅ ጠረጉ፤ የጋሽ ታፈሰን ባንድ ወደ 10 ሰዓት አወረዱት፤ ከበላዩ በጠመኔ «9 ሰዓት፣ ሰሚራ አብዲ፣ አርሞኒካ» ብለው ጻፉ። ናስር ጠመኔውን ተቀብሎ ከሥሩ የራሱን ስም ጨመረ።

ጋሽ ታፈሰ ሰሌዳውን አነበበው። «ቢያንስ ማይኩን አታቅርቢው» አላት። «ሲቀርብ ይጮሃል።» ኪቦርዱን በሸራ ሸፍኖ ወጣ።

ሰኞ፣ ጠዋት

የመመለሻው አውቶቡስ ደንገጎን ሽቅብ ይዟል። ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፤ ሻርፕ ለበስኩ። ሰሚራ አሁን ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ኪስ እየሰፋች ነው። ፋብሪካውን አልተወችም፣ ባንድ አላገኘችም፤ ይህንን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ያላት ነገር አንድ እሁድ ነው፤ እሱንም ማንም አልሰጣትም፤ ራሷ ነች የወሰደችው።

አጠገቤ የተቀመጠችው አዳማ የምትወርድ ነጋዴ ሴት ድሬ ምን ልሠራ እንደሄድኩ ጠየቀችኝ።

«አንዲት አርሞኒካ ተጫዋች ልሰማ» አልኳት።

«ማን ትባላለች?»

«ሰሚራ አብዲ።»

ትንሽ አሰበችና «አላውቃትም» አለች።

«ግድ የለም» አልኳት። «ታውቂያታለሽ።»