የባዘቶ ጡት

ሮብ ገበያ አካባቢ የብርጓልን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቃትም በሁለት ነገር ነው፤ በፈትሏና በአፏ። ፈትሏ ከመቅጠኑ የተነሣ ሸማኔው ራሱ "ይህን ለማን ልትሰጪው ነው?" ብሎ ይጠይቃል። አፏ ደግሞ ማንንም አይምርም። ባሏ ታረቀኝ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀረ። ልጅ አልወለደችም። "ምነው ሌላ ባል አታገቢም?" ያላት ሰው "የነበረኝን ትዕግሥት ታረቀኝ ጨርሶት ሄደ" የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ይህን ብላ ስታበቃ ፊቷን ዞር ታደርጋለች። ትወደው ነበር።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ ገላዋን ስትታጠብ ቀኝ ጡቷ ላይ አተር የምታህል ነገር ዳበሰች። "ብርድ ነው" ብላ ቅቤ አሸችበት። አተሯ ባቄላ አከለች። የመንደሩ ወጌሻ "በጋለ ብረት ልተኩስልሽ" ቢላት "መጀመሪያ ምላስህን ተኩስና ልይህ" ብላ አባረረችው። ባቄላዋ እንቁላል ስታህል፣ ቆዳውም ጭምድድ ሲል ግን ቀልዱ አለቀ። የንስሐ አባቷን መምሬ አካለ ወልድን ጠርታ ነገረቻቸው።

"እኅቴን የቀበርኳት በዚህ ነው" አሉ። "ደብረ ማርቆስ ሐኪም አለ። ሂጂ።"

"የጣልያን ሐኪም?"

"ታዲያ የእኛ ሐኪም የት አለ?"

"አባቴ፣ እንዳላማው ቢሰማ ይገድለኛል እኮ!"

እንዳላማው ታናሽ ወንድሟ ነው። ገና ብዙው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳለ ሸፍቶ ጮቄ የወጣ የጎበዝ አለቃ፤ ጣልያን የተሻገረውን ወንዝ ውኃ እንኳ የማይጠጣ። "የእንዳላማው እኅት ገላዋን ለጣልያን ገለጠች" ከሚባል ሞቷን ይመርጣል። እሷ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

"ጠበል ሄደች እላለሁ" አሉ መምሬ። "ውሸቱን ለእኔ ተይው። አንቺ ብቻ በሕይወት ተመለሽ።"

ሐኪሙ ራሰ በራ፣ መነጽራም፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። የሚያስተረጉምለት ፍሥሐ ነው፤ ከሐማሴን ከጦሩ ጋር የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙን አሳምሮ የሚከረክም ቁስል አጣቢ።

"ይቆረጣል ነው የሚለው፣ እትዬ።"

"ምኑ?"

"ጡትዎ።"

"እስከ የት?"

"ሙሉውን።"

የብርጓል ሐኪሙን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "እስቲ ጠይቀው፤ እሱ የእናቱን ጡት አልጠባም?"

"ኧረ እትዬ!"

"ጠይቀው አልኩህ!"

ፍሥሐ ጠየቀ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና አንድ ነገር አለ። "ጠብቻለሁ፤ ስለዚህ በእርስዎ አልቀልድም ይላል" አለ ፍሥሐ። እውነት ሐኪሙ ብሎት ይሁን፣ ፍሥሐ ፈጥሮት ይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የብርጓል ግን "በል እንግዲያ፣ ይቁረጥ" አለች።

አንድ ክፉ የሚሸት ጨርቅ አፍንጫዋ ላይ አደረጉባት። ስትነቃ ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሁሉም ነገር አልቋል። ከሕመሙ ይልቅ መደነቁ የበረታባት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሥጋው ሲቆረጥ እንዴት አይሰማም? ስታወጣ ስታወርድ ቄስ ሲሰብኩ የሰማችው ትዝ አላት፤ አዳምም የጎን አጥንቱ ሲወሰድ ተኝቶ ነበር። "ለካ የቆየ ነገር ነው!" አለች ጮክ ብላ። ፍሥሐ የምትቃዥ መስሎት ግንባሯን ዳሰሰ።

ደግሞም አልቀረላት፤ ሦስት ቀን አተኮሳት። ሦስቱንም ቀን ፍሥሐ ከአጠገቧ አልተነሣም። መረቁን በማንኪያ እያጎረሰ፣ "እትዬ፣ አንድ ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ" እያለ ይለምናታል። "አንተ ማን ነህና ለአንተ ስል?" ትለውና አፏን ትከፍታለች። ትኩሳቱ ሲለቃት ፋሻውን ሊለውጥ መጣ። ዐይኗን ጨፈነች። በሚቀጥለውም ቀን ጨፈነች። በአምስተኛው ቀን ግን አንዱን ዐይኗን ከፈተች።

ጡት አልነበረም። ከብብቷ እስከ ደረቷ መካከል የተሰፋ መሥመር ብቻ። አለቀሰች፤ እንዲያው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ፍሥሐ "አይዞዎት" አላለም። ጨርቁን ይዞ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ታይ ጀመር፤ ማየት ብቻም አይደለም፣ ትጠባበቅ ጀመር። ወይ የእግዜር ሥራ! ትናንት ክፍት የነበረው ዛሬ ተሳስቧል። ወዲህ ማዶ ያለው ሥጋ ወዲያ ማዶ ያለውን ይፈልገዋል፤ ያገኘዋል። እሷ ተኝታ፣ ማንም ሳያዘው! "ይኸን ያህል ዘመን አብሮኝ ሲኖር አላውቀውም ነበር" አለች ስለ ገዛ ገላዋ። አንዳንዴ ደግሞ በእጇ ሳትነካው፣ አየር ላይ መስቀል ሠርታ ትባርከዋለች።

ያስቸገራት ክንዷ ነው። እንዝርት የምታሾርበት ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልወጣም አለ። ፍሥሐ ግድግዳ ፊት ያቆማትና ጣቶቿን ሽቅብ ያስኬዳታል። "ትናንት እዚህ ደርሰዋል፤ ዛሬ ስንዝር ይጨምሩ።" ትሰድበዋለች፤ አገሩን፣ ጢሙን፣ ያሳደገውን ሁሉ ትሰድባለች። "ያሳደገኝ የለም፣ እትዬ፤ እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች" አለ አንድ ቀን፣ ጣቷን ወደ ላይ እየገፋ። ከዚያ ወዲያ ጢሙን ብቻ ሰደበች። በስድስተኛው ሳምንት እጇ ራሷ ላይ ደርሶ ሻሿን በገዛ እጇ አሰረች።

ስትሰናበት "ስማኝ፣ እኔን አታውቀኝም። ወንድሜ ይህን ቢሰማ አለቀልኝ" አለችው። ፍሥሐ ማለ። እሷ ደግሞ እንባዋ እንዳይታይ መንገዱን ረገመችና ሄደች።

ቤቷ ገብታ ቀሚሷን ብትለብስ ጉድ ነው፤ ግራው ሙሉ፣ ቀኙ ሜዳ። ገበያ የሚውል ዐይን ይህን ይስታል? በፈታይ ቤት ባዘቶ ሞልቷል፤ እሱን አድቦልቡላ በጨርቅ ሰፋችና ከቀሚሷ ውስጥ አሰረችው። ቀለለና ወደ አንገቷ ወጣ። ፈታችው። እንዲከብድ ተልባ ጨመረችበት። የመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትሰግድ ተንሸራቶ ወገቧ ላይ ደረሰ፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሣቋን ዋጠች። እንደገና ሠራች። ሰባት ጊዜ ሠራች፣ ሰባት ጊዜ ፈታች። በስምንተኛው ልክ መጣ። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አየችውና ሣቋም ቀረ። "ጌታዬ፣ እኔ አንዱ እያለልኝ፣ እሱን እያየሁ እንኳ ስምንት ጊዜ ደከምኩ። አንተ ከምን አይተህ ሠራኸው?" አለች። ይህን የጠየቀችው ከልቧ ነው።

ዓመት ሆነ። በዚያን ጊዜ ጎጃም በሙሉ ሸፍቶ፣ ጣልያን ከምሽጉ መውጣት ፈርቷል። አንድ ጧት ከእንዳላማው ሰው መጣ፤ "አንድ ባንዳ ይዘናል፤ ስምሽን ጠርቷል፤ ድረሺ" የሚል። የብርጓልም መምሬ አካለ ወልድን ይዛ ሽቅብ ጮቄን ተያያዘችው።

ጅባራ የበቀለበት ሜዳ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ፍሥሐ እጁን የፊጥኝ ታስሯል። ጢሙ አድጎ መላ ቅጡ ጠፍቷል። አጠገቡ የተዘረገፈ ከረጢት አለ፤ ፋሻ፣ መቀስ፣ ጥቁር ጠርሙስ።

"እቴ፣ ከምሽጉ ከድቼ መጣሁ ይላል" አለ እንዳላማው። "ይህን መርዝ ውኃችን ውስጥ ሊጨምር ነው እንጂ! ማን ያውቅሃል ብንለው አንቺን ጠራ። ታውቂዋለሽ?"

የብርጓል አፏን ሳትከፍት ፍሥሐ ቀደማት። "አያውቁኝም" አለ፤ ፊቷን እያየ። "ስማቸውን ገበያ ላይ ሰምቼ ነው።"

የብርጓል ገባት። ሲይዙት ነፍሱ ጨንቋት ጠራት፤ አሁን ሲያያት መሐላው ትዝ አለው። ዝም ብትል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቆያል፤ ባዘቶው ከደረቷ፣ ስሟ ከስፍራው። እሱን ደግሞ ወደ ገደሉ ይወስዱታል። የሚያለቅስለት ዘመድ በዚህ አገር አንድ የለውም። ፈራች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ "አላውቀውም" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር።

"ይዋሻል" አለች። "እኔም ስዋሽ ከርሜያለሁ። እንዳላማው፣ ጠበል አልሄድኩም።"

እጇን ከቀሚሷ ውስጥ አስገብታ ክሩን በጠሰችና ድቡልቡሉን አውጥታ ወንድሟ እግር ሥር ወረወረችው። "ያውልህ! ጡቴ እሱ ነው። ከባዘቶና ከተልባ።" ቀጥላም ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች።

ሰዎቹ መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ፤ ነውር ነውና። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ከመካከላቸው ጥይት ያልበሳው፣ ጎራዴ ያላረፈበት የለም፤ ጠባሳ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ግን አላዩም፤ ከብብት እስከ ደረት ቀጥ ብሎ የሄደ፣ የተዘጋ፣ የውጊያ ያልሆነ ጠባሳ። አንዱ ቆቡን አወለቀ።

"ማን ነው እንዲህ ያረደሽ?" አለ እንዳላማው። ድምፁ ተሰብሯል።

"አላረዱኝም፣ አዳኑኝ። ጣልያኑ ቆረጠው፤ ይኼ ደግሞ አጠበኝ፣ አጎረሰኝ፣ እጄን እንደ ሕፃን እየያዘ አስኬደኝ። ያ ጠርሙስ አዮዲን የሚሉት የቁስል መድኃኒት ነው። በእኔ ላይ ስንቱን አፍስሶታል፤ ይኸው አለሁ።" ወደ መምሬ ዞረች። "አባቴ፣ ማር አለ እዚህ?"

በዚያ አገር ጡት የጠባ ልጅ ነው፤ ከማሕፀን ይውጣ አይውጣ የሚጠይቅ የለም። ጎልማሳም ቢሆን በሽማግሌ ፊት ማር የተቀባ ጡት ከጠባ የዚያች ሴት ልጅ ሆነ፣ ወንድሟም አጎቱ። እሱን የገደለ የገዛ ሥጋውን ገደለ። ይህን እዚያ ከተቀመጡት የማያውቅ አልነበረም፤ እንዳላማውም ያውቃል። ሽማግሌው ከስልቻቸው ማር በቅጠል አመጡ።

"የኔ ልጅ፣ በግራው ይሁን" አሉ መምሬ በሹክሹክታ። "የቀረሽ እሱ ነው። ይኼን ሸፍኚው።"

"ግራው አያውቀውም፣ አባቴ" አለች።

ማሩን ጠባሳው ላይ ቀባችው። ፍሥሐን ፈቱት። ተንበረከከ፤ ያ ጢማም፣ ያ ሙሉ ሰው ከንፈሩን እዚያ ባዶ ስፍራ ላይ አኖረ። ወተት የለም፤ ጡቱም የለም። ልጅ ያላወቀ ደረት ነው። የብርጓል እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። ከጀርባ መምሬ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ፤ ሃያው ሰው ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ተከተላቸው። ጮቄ ላይ የማይቋረጠው ነፋስ እንኳ የቆመ መሰላቸው፤ ኋላ ብዙዎቹ እንዲህ ብለው ተናግረዋል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናቸዋለሁ።

ጸሎቱ አለቀ። እንዳላማው ወደ ፍሥሐ ቀረበና ገመዱ የቆረጠውን እጁን ይዞ አየ። "እኔ… አጎትህ ነኝ" አለ።

የብርጓል ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ ልጇን አገጩን ይዛ ቀና አድርጋ ፊቱን አየችው። ከስቷል። ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ወደ ወንድሟና ወደ ሃያው አርበኛ ዞረች፤ ዐይኗ እሳት ሆኗል።

"ይኼ ልጅ ከያዛችሁት ጀምሮ እህል ቀምሷል?"