ጭቃ የለበሱ ሽማግሌዎች ወደ ቢላ

ነቀምቴ፣ ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ጎህ ሲቀድ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ተነሥቼ ወደ ቢላ ከተማ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ሂሳቡ አንድ ብር ከስሙኒ፣ መቀመጫው የጨው ጆንያ ነው። ቢላን አይቼ አላውቅም፤ የምሄደው ግጥም ፍለጋ ነው።

ከፊቴ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ ጉራጌው ባለሱቅ ሽኩርና ሁለት ጎረቤቶቹ፣ ቄስ ወልዴ እና የሚሲዮኑ መምህር ቶሎሳ። ጎረቤቶቹ ሽኩር የሚያገባትን ልጅ ሊለምኑለት የሚሄዱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ አንድ ሐጂ፣ ታመው ቀርተዋል። የልጅቱ አባት ኦቦ ጅብሪል ደግሞ፣ «ሦስት ሆናችሁ ከስድስት ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ለማኞች አሉ» ብለዋል።

ሽኩር አየኝ። ጢም የለኝም፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ሥራ አለህ?»

ቄስ ወልዴ ጋቢያቸውን አከናነቡኝ። «አትናገር። በየመሀሉ ጉሮሮህን ጥረግ፤ ይበቃል» አሉኝ። ሽማግሌ ሆንኩ።

መንገድ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

መኪናው በበቆሎ ማሳ መሀል ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። አንዲት ሴት ጥብስ እሸት በአምስት ሳንቲም እየሸጠች እኛን በነፃ ታያለች።

«ግፉ» አለ ሾፌሩ።

ሽኩር «ቢስሚላህ» ብሎ ብቻውን ገፋ። ቄስ ወልዴ በስመ አብ ብለው ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ሽኩር ደክሞት ቆሟል። መምህር ቶሎሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ገና ለመንገድ ሠራተኞች ይጸልያሉ። አሜን ብለው ሲገፉ እኛ እሸት እንበላለን። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

«መምህር፣ ያሳጥሩት እንጂ» አሉ ቄስ።

«እርስዎ ቅዳሴ ሲያስረዝሙ ተናግሬ አውቃለሁ?»

ሽኩር ፀሐይዋን አይቶ ሊያለቅስ ደረሰ። «ማንም አያሳጥር። መምህር ይጀምሩ፤ መንገድ ሠራተኞቹ ጋ ሲደርሱ ቄስ ይቀጥሉ፤ እኔ መጨረሻ ላይ እገባለሁ። አሜን ላይ እንገናኝ።»

«እናንተም አሜን ትላላችሁ እንዴ?» አሉት ቄስ።

«አሚን ነው የምንለው፤ ያው ነው፣ ይገፋል።»

ገፋ። መኪናው ሲወጣ አራታችንም በግንባራችን ጭቃው ላይ ተደፋን።

ቢላ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ

ሽኩር እንደ ወጉ ገበያው ዳር ቀረ። ኦቦ ጅብሪል በር ላይ «አካም ቡልተን» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡንና ከእግር እስከ ራስ ቃኙን። «ታኣ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ቄስ። ሽማግሌ ልጅቱ ሳትፈቀድለት እንደማይቀመጥ አገር ያውቃል።

«ግድ የለም፤ አግዳሚው ይታጠባል» አሉ ኦቦ ጅብሪል። በጭቃው የተሳቀቅን መስሏቸው ነው።

መምህር ጉዳዩን አስረዱ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አንዱ ቄስ፣ አንዱ የሚሲዮን መምህር። ይሄኛውስ?»

«ገጣሚ ነው» አሉ ቄስ፤ መዋሸት አይሆንላቸውም።

«ታዲያ በእስላም ልጅ ጋብቻ ምን አገባችሁ?»

መምህር ቶሎሳ አሰቡ። «እኔንና ሽኩርን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ዘወትር ንጋት ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልያለሁ። አንድም ቀን ግድግዳውን ደብድቦ ዝም በል አላለኝም።»

«የጸሎቱን ርዝመት እኔ እመሰክራለሁ» አሉ ቄስ።

ሌሎቹ ለማኞች የሚመጡበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የልጅቱ ድምፅ መጣ፦

«አባቴ፣ እንግዶቹ ቆመው እግራቸው ዛለ እኮ።»

አባትየው መጋረጃውን አዩ፤ እኛን አዩ። ከዚያ የሚሉንን አሉን።

ጋቢውን ሰብስቤ ወደ ገበያው ሮጥኩ። ሽኩር ጭቃው ፊቱ ላይ ደርቆ ቆሟል።

«ምን አሉ?»

«ቄስ ወልዴና መምህር ቶሎሳ ተቀምጠዋል» አልኩት።

እሱም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።