መዝገብ ጠባቂው ኤርሳዶና የቦሼ የወሰን ወረቀት

አቶ ኤርሳዶ ሶርሳ በመዝገብ ቤት በሠሩባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት የተሳሳቱት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ሥራውን ከእሳቸው ተረክቤ መደርደሪያውን ሁሉ ስፈትሽ እኔ ያገኘሁት ሁለት ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሁለት ደብዳቤዎች አንድ ቁጥር መያዛቸው ስለሆነ ማንንም አልጎዳም። ባለፈው ሚያዝያ ቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በቀብሩ ላይ ሲነበብ ያ አንዱ ስሕተት ተዘለለ። መዘለል አልነበረበትም። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ከተማችን ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ያኔ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር፤ በክረምት ያፈሳል፣ በበጋ ምስጥ ይገባበታል። በ1955 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሹሙ አቶ ገብረሥላሴ ሊገቡ ሞክረው የወረቀቱ ክምር በሩን አላስከፍት አላቸው።

«ኤርሳዶ፣ እዚህ ቤት ወይ አንተ ትኖራለህ፣ ወይ ወረቀቱ» አሉ። «ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን አስወግድ።»

የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚወጣ የሚናገር መመሪያ አልነበረም። አቶ ኤርሳዶ ራሳቸው መለያ አበጁ፤ ማኅተም ያለው ይቀራል፣ የሌለው ይወጣል። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ የጻፈው ሁሉ ማኅተም አለው፤ ማኅተም የሌለው አብዛኛው ረቂቅ ነው። በሦስት ቀን አራት ጆንያ ሞላ። የሶዶው ባለሱቅ አድነው ለስኳርና ለጨው መጠቅለያ ወሰደው፤ በምትኩ ፋይል የሚቀመጥባቸው ሁለት የሳሙና ሣጥኖች ሰጠ። የወጣው ወረቀት ዝርዝር አልተያዘም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቦሼ መጣች። ቦሼ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጆቿን የምትመግበው ከቤቷ ጀርባ ካለው የእንሰት ጓሮ ነው። በዚያ ሰሞን ቀያሽ መጥቶ የከተማውን ቦታ ይለካ ነበር፤ ጎረቤቷ አቶ ሰብስቤም ጓሮው የእኔ ነው ብለዋል። የአቶ ሰብስቤ አባትና የቦሼ ባል ግን በ1943 ዓ.ም. ወሰናቸውን ተስማምተው፣ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት አራቱም ጣታቸውን አትመው፣ ወረቀቱን ማዘጋጃ ቤት አስቀምጠዋል። ቀያሹ ያን ወረቀት በስድስት ቀን ውስጥ ካላየ ችካሉን ከእንሰቱ ወዲህ፣ በቦሼ ቤት በኩል ይተክላል።

አቶ ኤርሳዶ መደርደሪያውን መንካት አላስፈለጋቸውም። ወረቀቱን መሥሪያ ቤቱ አልጻፈውም። ማኅተም የለውም፤ ያለው አራት የጣት አሻራ ብቻ ነው።

የተነጋገሩት በወላይትኛ ነበር።

«እቴ ቦሼ፣ ወረቀትሽ እዚህ የለም።»

«ታዲያ የት ነው?»

«ሶዶ፣ ሱቅ ውስጥ። ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናል።»

«እንግዲያ ጓሮዬን በሻይ ጠጡት በለኛ!» አለች። «ወንድሜ፣ ባሌ ወረቀቱን እናንተ ዘንድ ያስቀመጠው የእኛ ቤት ያፈሳል ብሎ ነው። የእናንተ በምን ተሻለ?»

አቶ ኤርሳዶ ወደ ሹሙ ገብተው የሆነውን ነገሩ።

«ምስጥ በላው በል» አሉ አቶ ገብረሥላሴ። «ምስጥን ለምስክርነት የሚጠራ የለም።»

«ምስጥ አልበላውም፣ ጌታዬ። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሶዶ ሄደው ወረቀቱን እንዲፈልጉ ሹሙ የሁለት ቀን ፈቃድ ሰጧቸው። ለቀያሹ ግን የዚያኑ ዕለት ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል ብለው ነገሩት።

በማግስቱ አቶ ኤርሳዶ አንድ እስር አሮጌ ጋዜጣ ተሸክመው በእግራቸው ሶዶ ገቡ። አድነው ሲያያቸው ሳቀ።

«ምነው አቶ ኤርሳዶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋዜጣ ሊያነብልን ነው?»

«ልለውጥህ ነው። ቅጠል በቅጠል። ጋዜጣው ከእኔ ወረቀት ይሰፋል።»

«የጋዜጣ ቀለም ስኳር ላይ ይለቃል።»

«ለሳሙና አድርገው።»

አድነው ተስማማ፤ ደንበኛ እንዳይጋርዱበት ግን ከባንኮኒው ጀርባ መሬት ላይ አስቀመጣቸው። እዚያ ተቀምጠው የቀረውን ወረቀት አንድ በአንድ አገላበጡ። በመጀመሪያው ቀን ጣት ያረፈበት ሠላሳ ሰባት ወረቀት አገኙ፤ የጋብቻ ውል፣ የአደራ ውል፣ የዕርቅ ውል። ፊደል የማያውቁ ሰዎች የፈጸሙት ስለሆነ የአንዳቸውም ሁለተኛ ቅጂ በየትም የለም። ማኅተምን መለያ ማድረጋቸው ምን እንዳስወጣቸው ያን ጊዜ ገባቸው። የቦሼ ወረቀት ግን አልነበረበትም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ጨው ሊገዛ ገባ። አድነው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አንድ ወረቀት መዞ ጠቀለለና ጨው ጨመረበት። አቶ ኤርሳዶ ከታች ቀና ሲሉ በጥቅሉ ጎን ላይ አራት ጥቋቁር አሻራዎች አዩ።

«ቁም!» ብለው ጮኹ።

«እኔን ነው ወይስ ጨዉን?» አለ ገበሬው።

ጨዉ ወደ ጋዜጣ ተገለበጠ። ወረቀቱ ሲዘረጋ የቦሼ ባልና የሰብስቤ አባት ስም፣ የወሰኑም ልክ በግልጽ ይነበባል።

ኅዳር 10 ቀን ሁሉም ጓሮው ዳር ተሰበሰቡ። አቶ ሰብስቤ ወረቀቱን አይተው ወደ ቀያሹ ዞሩ።

«ይህ ከገበያ የመጣ ወረቀት ነው። ሹሙ ምስጥ በላው ብለዋል። ምስጥ የበላው ተመልሶ ከሆዱ ይወጣል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ቀያሹ ግን አልሳቀም። «ከማዘጋጃ ቤት ወጥቶ በማን እጅ እንደቆየ ካልታወቀ አልቀበለውም» አለ።

ትክክል ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ሰነድ ከጠባቂው እጅ ወጥቶ የዋለበት ካልታወቀ እውነተኛም ቢሆን አያስረዳም። አቶ ኤርሳዶን ግን ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ሥራቸውን ሊያሳጣቸው እንደሚችል እያወቁ፣ አቶ ገብረሥላሴ አጠገባቸው ቆመው እያዩ፣ ከኪሳቸው አንድ ገጽ አውጥተው አነበቡ።

«እኔ ኤርሳዶ ሶርሳ ጥቅምት 14 ቀን 1955 ዓ.ም. ይህን ወረቀት በራሴ ስሕተት ከመዝገብ ቤት አውጥቼ ለባለሱቁ አድነው ሰጠሁ። ኅዳር 6 ቀን ከሱቁ ሚስማር ላይ ተነሥቶ ጨው ሲጠቀለልበት አገኘሁት። መካከሉ ላይ ያለው ቀዳዳ የሚስማሩ ነው። ምስጥ አልነካውም።»

ከሥር የአድነው ፊርማ አለ። ቀያሹ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣ። ከዚያ አቶ ሰብስቤን «የአባትዎ ስም ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ስሙስ ነው» አሉ አቶ ሰብስቤ።

ችካሉ ከእንሰቱ ማዶ ተመታ። ቦሼ ዞራ አቶ ኤርሳዶን «አሁን ደግሞ የቤታችሁን ጣሪያ ክደኑ» አለቻቸው።

በማግስቱ አቶ ገብረሥላሴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧቸው። አቶ ኤርሳዶ ቆመው አነበቡትና መልሰው ዘረጉላቸው።

«ጌታዬ፣ ቀን ረስተዋል።»

ሹሙ ቀኑን ጻፉበት። አቶ ኤርሳዶ ቁጥር ሰጥተው በራሳቸው ፋይል ውስጥ አስገቡት። የዚያኑ ዕለት አንድ ባዶ ደብተር አስምረው የማስወገጃ መዝገብ አደረጉት። የወረቀቱ ዓይነት፣ ዘመኑ፣ ውሳኔው፣ ምክንያቱ፣ የፈቀደው ሰው በየዓምዱ ይጻፋል። የመጀመሪያው ዓምድ «ጣት አለው?» ይላል። አለው የተባለ አንድም ወረቀት ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ሠላሳ ሰባቱም በየባለቤታቸው ስም ተቀምጠዋል፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

በመዝገብ ቤታችን ልማድ ማስጠንቀቂያ ከአምስት ዓመት በኋላ ይወገዳል። የአቶ ኤርሳዶ ተራ በ1960 ዓ.ም. ኅዳር ደረሰ። ደብዳቤውን በዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ውሳኔ በሚለው ዓምድ ሥር በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው «ይቆይ» ብለዋል፤ ምክንያት በሚለው ሥር ደግሞ «ተተኪው ያንብበው»።