ጸጥታዬን ሊያስታምሙ የመጡ

ሰኔ ሲገባ ከለንደን ወጥቼ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ትንሽ ቤት ተከራየሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ማንንም ሳላናግር ውሃውን እያየሁ መዋል ነበር ያማረኝ። ጸጥታውን ገና ሳልጠግበው የባሌ እህት አድራሻዬን ከእሱ ተቀብላ፣ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ፣ በድስት ወጥ ይዛ ለንደን ካለው ሰፈሯ ከስትሪትሃም ከች አለች።

«ደህና ሰው ብቻውን ይቀመጣል? ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

ደህና ነኝ ብል ማን ይመነኝ። ሦስቱም ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ተደርድረው፣ ከንፈር እየመጠጡ ፊቴን ሲያዩ ዋሉ። ባሕሩን አንዴም ዞር ብለው አላዩት።

በብርዱ ወራት ብሪክስተን አጠገብ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ግን፣ ከቤቷ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ሆኖ፣ ይህችው ሴት «መንገዱ ራቀኝ» ብላ ዝር አላለችም።