ሳይክሌን ሊያስጥሉኝ የመጡት ሽማግሌዎች

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ ስፈልገው የምውል ሽማግሌ ብሆንም ይህችን ነገር ግን አልረሳኋትም። ባስታወስኳት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ሚዛን ተፈሪ ነው። ጡረታ እስክወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። የሚዛንና የቴፒን መንገድ ገና ጭቃ ሳለ ቡና ጭኜ ስዋኝበት ኖሬያለሁ። ያኔ «ትሞታለህና ተው» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ጡረታ ስወጣ፣ የፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ሲሸጥ አገኘሁና ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ሰው በእኔ ዕድሜ ከዘራ ይገዛል። እኔ ባለ ሁለት ጎማ ከዘራ ገዛሁ።

ሳይክሏ ለጌጥ አይደለችም። ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ትንሽ የቡና ማሳ አለችኝ። ጠዋት ሄጄ አረሟን አያለሁ፣ ጦጣዎቹን እሳደባለሁ፣ እመለሳለሁ። የቀን ሥራዬ ይኸው ነው። በሞተር ልሂድ ካልኩ ባለሞተሩ በፈለገው ሰዓት ይወስደኛል፣ ደስ ሲለው ደግሞ እዚያው ይረሳኛል። በሳይክሌ ግን የራሴ ሹፌር ነኝ።

ችግሯ የፊት አሞርዛተሯ ነበር። በአየር ነው የሚሠራው። የፊት ጎማውን ከያዙት ሁለት እግሮች በግራው ውስጥ አየር ይታመቃል፤ ድንጋይ ላይ ስትወጣ የሚያለሰልስልህ እሱ ነው። አየሩን የሚይዘው ጎሚኒ ግን የእኛን አገር ጭቃ አልቻለውም። ማታ የሞላሁት አየር ጠዋት የለም። መሙያ ፓምፑም ለብቻው ነው፣ እሱም ተሰበረብኝ። ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ በመኪና ጎማ መንፊያ ባስሞላው፣ ፏ ብሎ የውስጡን ዘይት ፊቴ ላይ ተፋው። ጎሚስታው ጨርቅ እያቀበለኝ «ጋሼ፣ ፊትዎ እንዴት አበራ! ወጣት ሆኑ እኮ!» አለኝ።

ሰው ከዚህ በኋላ ይማራል። እኔ አልተማርኩም። እንደዚያው ሆና ነዳኋት።

በገበያ ቀን፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ፊቷ ዝቅ አለና እዚያው ቀረ። እኔ በመሪው ላይ አልፌ በረርኩ። ጭቃው መሐል በጉልበቴና በእጆቼ ነው ያረፍኩት። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው ያዩኛል። ሙዝ የተሸከመች አንዲቱ ቀረብ ብላ «አባባ፣ ምነው እዚህ ተንበረከኩ? ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ወዲያ ነው!» አለችኝ።

ከሰው ሠራሹ ጥርሴ በቀር የወለቀ ነገር አልነበረም፤ እሱም ታጥቦ ተመልሷል። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። ጌጫ የምትባለው ከተማ ሲደርስ ሞቻለሁ። እዚያ ያለች የእህቴ ልጅ እያለቀሰች ስትደውል ስልኩን ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ድምፄን ሳትለይ «ቀብሩ መቼ ነው?» ብትለኝ «እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። እስካሁን አኩርፋኛለች።

በማግስቱ ሳይክሏን እየገፋሁ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠራው ታሪኩ ሄድኩ። ታሪኩ የሳይክልም የሞተርም ጠጋኝ ነው። «ይህን አየር አውጥተህ የብረት ሞላ አስገባልኝ» አልኩት። ስንት ዘመን የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት ላይ ተቀምጬ ኖሬያለሁ፤ ብረት ይሰበራል እንጂ ሌሊት ተንኖ አይጠፋም። ታሪኩ ፈታታውና አየው። «ይቻላል ጋሼ። የአየሩን ፒስተን አውጥቼ በቦታው ረጅም ሞላ እከትበታለሁ። ከተሰበረ ሳይክል የወጣ ሞላ አላጣም። ግን ሞላ በሰው ክብደት ነው የሚመረጠው። ስንት ኪሎ ነዎት?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ጎረቤቱ ያለ ቡና ሰብሳቢ መጋዘን ገብተን ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ከነቅርፊቱ ከደረቀ አንድ ጆንያ ጀንፈል ቡና ብዙም አልበለጥኩም። መዛኙ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይሄ በደንብ ደርቋል፣ መጫን ይችላል» አለ። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። «ሐሙስ ይምጡ» አለኝ ታሪኩ።

ሐሙስ ሄድኩ። ሞላው ወፍራም ሆነ ተባልኩ። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ ግራሱ አልቋል። ሌላ ቀን መብራት የለም። ሌላ ቀን ታሪኩ ለቅሶ ሄዷል። እኔም እንደ ጅል «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሥራ» እያልኩ እመለሳለሁ። ማሳዬን ካየሁ ሰነበትኩ። ጦጣዎቹ የናፈቅኳቸው አይመስለኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ዳማ የምንጫወተው ወዳጄ ሐጂ ነስሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ እኔ ስዳር ልጅ የነበረ ሰው። እሱም ሽማግሌ ሆኖ መጣብኝ!

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አለ የእድሩ ሰብሳቢ። «የመጣንበትን ሳንናገር፣ እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ይህን አነጋገር የማያውቅ ማን አለ? ከእኔ ጋር የምትኖር አልማዝ የምትባል ልጅ አለችኝ። አስተማሪ ናት፤ አላገባችም። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቀን ደረሰ አልኩ።

«የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። «የማን ልጅ ማለት?»

«ልጁ ነዋ! ሥራው ምንድን ነው? ግድ የለም፣ ሥራም ባይኖረው ሰጥቻለሁ!»

ከመጋረጃው ጀርባ አልማዝ «አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ሐጂ ነስሩ ሳል ያዘው። «አቶ ደምሴ» አለ። እኔን! ሁልጊዜ «አንተ ሽማግሌ» የሚለኝ ሰው! «የመጣነው... በሳይክሉ ጉዳይ ነው።»

ሳይክሉን እርግፍ አድርጌ እንድተው ነው የተላኩት። ማሳውንም ለሌላ ሰው በእኩል እንድሰጥ፣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ፀሐይ እንድሞቅ። የላከቻቸው አልማዝ ናት። ሐጂ ደግሞ ነገር ያለዘበ መስሎት «ሳይክሉስ ችግር የለም፤ መልሶ እንዳይገጥመው ከታሪኩ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል» አለ።

እንግዲህ አስቡት! ሚዛን ላይ ወጥቼ የተሳቀብኝ፣ «አይዞህ» እያልኩ የተመላለስኩት ለዚህ ነው! መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። በግ እንኳ ሊሸጥ ሲወሰድ ያውቃል፣ ይጮኻል።

«እሺ እስኪሉን አንቀመጥም» አለ የእድሩ ሰብሳቢ ደግሞ።

«እንግዲያው አትቀመጡ! እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ!»

ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የእድሩ ሰብሳቢ ቀስ እያለ ወደ ቁምሳጥኑ ተጠጋ። ትንሹ ሽማግሌ ጣሪያውን ይቆጥራል። የእኔ ግራ እግር ከወደቅኩ ወዲህ ደህና አልነበረምና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በቁጣ የምንቀጠቀጥ ለማስመሰል ከንፈሬንም ጨመርኩበት። ከዚያ ከሐጂ በኩል አንድ ነገር ቋ አለ።

«ያ አላህ» አለና ሐጂ በርጩማው ላይ ዱብ አለ።

«ሐጂ፣ ተቀምጠዋል እኮ!» አለ የእድሩ ሰብሳቢ ደንግጦ።

«እኔ አልተቀመጥኩም» አለ ሐጂ። «ጉልበቴ ነው የተቀመጠው።»

«ሽማግሌ እሺታ ሳይሰማ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ!» ብዬ ጮህኩ። እውነት ሕጉ እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። እነሱም አላወቁም። የቀሩት ሁለቱም እፎይ ብለው ተቀመጡ። እኔ መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ከማለት ወደቅኩ ማለት ይሻላል። አልማዝ ሻይ አምጥታ አስቀመጠችና ፊቴን ሳታይ ወጣች።

በማግስቱ ታሪኩ ዘንድ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «አውጣት!» አልኩት። ከጆንያ ሥር አወጣት። የፊት እግሯ ሙሉ ነው። ሞላው ገብቷል፣ ግራስ ተቀብቷል፣ ተጠናቋል። በዚያው በመጀመሪያው ሐሙስ የጨረሰው ነው!

«ጋሼ፣ እቴቴ አልማዝ አስተማሪዬ ነበረች። እምቢ እንዴት ልበላት?»

«እኔንስ እንዴት ዋሸኸኝ?» አልኩት። ጎማውን አጥብቆ ሰጠኝ።

በመሪው ላይ ተደገፍኩ። ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች። ከቀድሞው ትከብዳለች፣ ጉድጓድ ላይም ጭጭ የሚል ድምፅ አላት። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ግን እንደ ድሮው ዝቅ ብላ አልቀረችም። ማሳዬ ደረስኩ። አረሙ ወገቤ ደርሷል። ደግሜ ተናደድኩ።

አሁንም እነዳለሁ። ከሐጂ ጋር ታርቀናል፣ ከታሪኩም ጋር ሰላም ነን። ንዴቴ ግን አልበረደም። ያገኘኝ ሁሉ «ስለሚወዱህ ነው» ይለኛል። ይሁን፣ ይውደዱኝ። ግን የሚወደድ ሰው አይጠየቅም? በሰው ፊት ከመቆሜ በፊት በቤቴ ውስጥ አንድ ቃል አይነገረኝም? ለጥጃ ገመድ የሚመረጠው ጥጃዋን ሳያማክሩ ነው፤ እኔ ግን ጥጃ አይደለሁም፣ የተገዛ ጥርስ ያለው ጥጃ የት ታይቷል?

አልማዝ ያን እሑድ ሰው ሳትልክ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ «አባዬ፣ ትሞትብኛለህ ብዬ ፈርቻለሁ» ብትለኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ለሦስት ሽማግሌ መልስ አላጣሁም። ለዚያ ቃል ግን መልስ አይኖረኝም ነበር። እስከ ዛሬ አላለችኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳይክሌን አወጣለሁ፤ እሷም በመስኮት ታየኛለች፤ እኔም እንዳላየኋት ሆኜ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።