የማርስ ዋልታ በሸርቆሌ ሚኒባስ

ማለዳ፣ አሶሳ

ዛሬ ወደ ሸርቆሌ የሄድኩት አንድ ጉማጅ በረዶ ተከትዬ ነው። ባለቤቱ ይርጋ እዚያ ጂኦግራፊ ያስተምራል። የማርስ ሰሜን ዋልታ በረዶና አቧራ ተደራርቦበት የአየር ንብረት ታሪኩን እንደያዘ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ፣ ውሃ እያፈሰሰና ቀይ አፈር እየነሰነሰ ንብርብር በንብርብር አቀዝቅዟል።

የቀዘቀዘው በእትዬ ዘነበች ጭማቂ ቤት ነው። «ፍሪዘሬን አፈር አስበላኸው» አሉ ሊወስደው ለመጣው ይርጋ ሲያስረክቡት። «መሃሉ የጠቆረው መብራት ጠፍቶ ነው፤ በእኔ እንዳታላክክ።»

መብራቱ ሲጠፋ ያኔ ከላይ የነበሩት ንብርብሮች ቀልጠው ውሃቸው ፈሶ አፈራቸው አንድ ላይ ዘቅጧል። ይርጋ የፈለገው እኩል መስመር ነበር። ርዕሰ መምህሩ የፈቀዱለት ግን የዛሬውን ክፍለ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለውም።

ረፋድ፣ ሆሞሻ

ሚኒባሱ ሰው ለመሙላት ቆመ። ሙቀቱ በረታ። በረዶው ከተጠቀለለበት ጆንያ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ዓሣ ነው?» አሉ አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት።

«በረዶ ነው፣ አባባ» አለ ይርጋ። «ለትምህርት ነው፤ ሳይቀልጥ መድረስ አለበት።»

አዛውንቱ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ሂድ በቃ። ሙሽራው እየቀለጠ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩም ባዶ ወንበር እንደያዘ ተነሳ።

ቀትር፣ ሸርቆሌ

ጆንያው ተፈቶ በረዶው ትሪ ላይ ሲቀመጥ የተረፈው ግማሹ ነው። ተማሪዎቹ ከበቡት።

«ወፍራሙን መስመር አትዩት፣ ተበላሽቶ ነው» አለ ይርጋ።

ሀዋ የምትባል የበርታ ተማሪ ጣቷን እዚያው ላይ አሳረፈች። «ኡስታዝ፣ እዚህ ጋ መብራት ጠፋ?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«በረዶ ሄደ፣ አፈር ቀረ። ብዙ በረዶ ነው የሄደው።»

«ማርስ ላይስ መብራት የሚያጠፋው ማነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ማዘንበሏ ነው» አለ ይርጋ። ፕላኔቷ በረጅም ዘመን ውስጥ አብዝታ ስታዘነብል ዋልታዋ ብዙ ፀሐይ ያገኛል፤ በረዶው ይተናል፣ አቧራው ይቀራል። ቀና ስትል በረዶው እንደገና ይከማቻል። ይህን ካስረዳ በኋላ ሰሌዳው ላይ የሣለውን እኩል መስመር አጥፍቶ መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም ጨመረ። ደወሉ ሲደወል ትሪው ላይ የቀረው ቀይ ውሃ ብቻ ነበር።

የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ በልተን ተለያየን።

አመሻሽ፣ አሶሳ

ስመለስ መብራት የለም።

«ደረሰ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ደረሰ። መብራት የጠፋበትን ቦታ ሳይቀር አወቁት።»

«እኔስ መቼ ረሳሁት፤ ማንጎዬን ነው ያበላሸብኝ።»

የማርስን ዋልታ ንብርብሮች እስከ ዛሬ የማያቸው የተከማቸ በረዶ ታሪክ አድርጌ ብቻ ነበር። ስለ ሄደው በረዶም እንደሚናገሩ የገባኝ ሸርቆሌ ነው። ይርጋ ለሌላው ክፍል ሊደግመው እንደሚፈልግ፣ ወፍራሙን መስመርም ጭምር፣ ነገርኳቸው።

«ፍሪዘሩን ይጠቀም» አሉ። «መብራቱን ግን አላጠፋለትም፤ ራሱ ይጠፋል።»