በፌስታል የተቋጠረው መርዝ

ይሄን ስማኝማ። የውሻ ወሬ ነው ብለህ አትለፈኝ፣ እስከ መጨረሻው ስማ።

እኔ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ የምትመላለስ ሚኒባስ ላይ ወያላ ነኝ። ትምህርቱን አስረኛ ክፍል ላይ ተውኩት፣ ወይም እሱ ነው የተወኝ። የምኖረው ሱሉልታ ኪራይ ቤት ነው። አከራዬ እህል የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ግቢው ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው። የግቢውን ውሻ ግን ከአስፋልት ዳር አንስቼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሥራ ስመለስ የመኪናችንን ድምፅ ለይታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። በዚህ ዓለም ላይ እኔን የሚጠብቅ ሌላ የለም፤ አለ ከተባለም ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ነው። በሁዳዴ የኛ ግቢ ውሻ ምን እንደሚበላ ታውቃለህ? ምንም። ሥጋ የለ፣ አጥንት የለ። ሽሮ የነካው እንጀራ ስትሰጣት አሽትታ ቀና ብላ ታይሃለች፣ የሰደብካት ይመስል። ሰዉ ወዶ ይጾማል፣ ውሻው ሳይጠየቅ ይጾማል።

በዚያ ሰሞን አይጥ የኦቦን ጆንያ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገችው። ኦቦ ከገበያ መርዝ ገዝተው መጡ። ቀይ ቀለም የተነከረ ስንዴ ነው የሚመስለው፣ በትንሽ ፌስታል ተቋጥሯል፣ ላዩ ላይ አንድ ፊደል እንኳ የለም። አይጧ እንድትወደው ብለው የከረመ ቅቤ ለወሱበትና በጣሳ ክዳን አድርገው ከመጋዘኑ ጀርባ አስቀመጡት። እንግዲህ አስበው፣ በዚያ ግቢ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጠዋት ክዳኑ ሙልጭ ብሎ ተልሷል። የውሻዋ አፍ ቀልቷል።

«ወተት አምጣ፣ ቶሎ» አሉኝ ኦቦ።

«ሐኪም ጋ ልውሰዳት እንዴ ኦቦ?»

«ለውሻ? ወተት የማያረክሰው መርዝ የት አለና ነው። ሂድ አምጣ።»

ሱሉልታ በጾም ወተት ሞልቷል፣ የሚጠጣው ነው የሌለው። ከጎረቤት አምጥቼ ሰጠኋት፣ ጥርግ አድርጋ ጠጣች። በማግስቱ ትዘላለች። ኦቦ በረንዳ ላይ ሆነው «አካም ቡልቴ?» ይሏታል፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው፤ እሷ ጅራቷን ትቆላለች። «አየህ?» አሉኝ። «እናንተ የዘንድሮ ልጆች ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ።» እኔም ሳቅኩ። ግቢው በሙሉ ወተቱ አዳናት ብሎ ደመደመ።

ከቀናት በኋላ ስመለስ በር ላይ የለችም። አጥሩ ሥር ተኝታ አገኘኋት። ከአፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል፣ ድዷ ነጭ ሆኗል። ስጠራት ጭራዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፣ በቃ።

አቅፌያት ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሹፌሬ «ይቺ ታሪፍ የላትም፣ ትርፍ ነው የጫንከው» አለኝ። ከዛ ደሙን አየ። አንድም ሰው ሳይጭን እንስሳት ክሊኒክ ድረስ ነዳው።

ሐኪሙ ድዷን ገልጦ አየ። «ምን በላች?»

«የአይጥ መርዝ።»

«የትኛውን?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ቀዩን።»

«ቀዩ ብዙ ዓይነት ነው ወንድሜ። ማሸጊያው የታለ?»

«ፌስታል ነው።»

ተነፈሰ። ይሄ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሳይሆን አይቀርም አለኝ። እንደሱ ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ለጥቂት ቀን ደህና ትመስላለች፣ ውስጥ ውስጡን ግን ይጨርሳታል።

«ወተቱስ?» አልኩት።

«ወተቱ ምንም አላደረገላትም። ስሙን አውቀን ያኔውኑ ብትመጣ ቫይታሚን ኬ ነበር መድኃኒቷ።»

እንደዛም ሆኖ መርፌውን ወጋት። ከጠረጴዛው አልተነሳችም። ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ እንዳለ ነው የሞተችው።

ኦቦ ሲሰሙ «ዋቃዮ» ብለው ፈጣሪን ጠርተው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። መቅበሪያዋን ሊቆፍሩ ዶማውን እሳቸው አነሱት። ልጣላቸው ፈልጌ ነበር፣ አቃተኝ። ሰውየው የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። ሌላ ነገር የነገራቸው ማን አለ?

ወደ ገበያ ሄጄ ሻጩን አገኘሁት። ካርቶኑ ጽሑፍ በጽሑፍ ነው፣ የራስ ቅል ሥዕል ሁሉ አለበት። እሱ ግን ከውስጡ በማንኪያ እየዛቀ ባዶ ፌስታል ውስጥ ይቋጥራል።

«ይሄን የተጻፈውን ለሰው ለምን አትሰጥም?» አልኩት።

«ጽሑፍ አይጥ ይገድላል እንዴ? ዞር በል፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ።»

ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። ቋጥሮ ሰጣት። ልጁ ከጀርባዋ እጁን ሰዶ ፌስታሉን ያዘው፣ እሷ «ተው» ብላ ቀማችውና ሄደች።

እናንተ ካርቶኑን ለራሳችሁ አስቀርታችሁ ስም የሌለው መርዝ የምታከፋፍሉ፣ እናንተም ገበያ ተቆጣጣሪ ተብላችሁ በዚያ ስታልፉ አይታችሁ የማታዩ፤ ያ ልጅ ነገ ቢልሰውና ሐኪሙ «የትኛውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለናትየው ማንኛችሁ ናችሁ መልሱን የምትሰጧት?